ማንበብ የማይችለው መልእክተኛ
ስለ ሦስት የመልእክት ፕሮግራሞች የቀረበ ሂስ

በሂስ ዓምድ ላይ ዘወትር የሚመረመረው መጽሐፍና ቴአትር፣ ግጥምና ሥዕል መሆኑ የታወቀ ነው። እኔ ግን ዛሬ አንባብያንን ይቅርታ ጠይቄ፣ ሁላችንም በየኪሳችን ይዘነው ወደምንዞረው የመልእክት ፕሮግራም ብዕሬን አዞራለሁ። በፕሮግራም ላይ ሂስ ይጻፋልን ተብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ፣ ስለ ምን አይጻፍም እላለሁ። ፕሮግራምም እንደ ድርሰት ሁሉ ሰው አስቦ የሠራው ነው፤ ሠሪው ስለ ሰው ልጅ ክብር ያለው አስተያየት፣ ቢወድም ባይወድም፣ በሥራው ውስጥ ታትሞ ይገኛል። ከዚህም በቀር መጽሐፍ ባይጥመን ከድነን እናስቀምጠዋለን፤ ይህ ግን ልጆቻችንና ሥራችን፣ ገመናችንም ጭምር ያሉበት ስለ ሆነ፣ ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውም።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ነገር ይህ ነው። የእኅቴን ልጅ የማሳድግ እንደ መሆኔ፣ ልጁ የሚማርበት ትምህርት ቤት ለወላጆች በከፈተው የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ገብቼ ነበር። አንድ ቀን ማታ የክፍሉ ኃላፊ መምህር የተማሪዎቹን ሁሉ ውጤት፣ ከነስማቸው፣ ከነደረጃቸውና ከነወላጆቻቸው ስልክ ቁጥር፣ በወረቀት ላይ እንደ ተጻፈ ፎቶግራፍ አንሥተው ላኩልን። መምህሩ ትጉህና ቅን ሰው ናቸው፤ ያደረጉትም ወላጅ ቶሎ ይወቅ ብለው ነው። ነገር ግን ስሙ በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የተገኘው ልጅ በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤት አልመጣም፤ በሦስተኛውም ቀን አልመጣም። በዚያው ቡድን ውስጥ ደግሞ ዓይነ ሥውር የሆኑ አንድ አባት ነበሩ። ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብላቸው ስልካቸው፣ የመጣው ነገር ፊደል ሳይሆን ሥዕል ስለ ሆነበት፣ «ፎቶ» ከማለት በቀር ሌላ ሊነግራቸው አልቻለም። ስለዚህ የገዛ ልጃቸውን ውጤት ከሌላ ወላጅ አፍ መስማት ግድ ሆነባቸው። እንግዲህ በአንድ ወረቀት ሊሰወር የሚገባው ለሁሉ ተገለጠ፤ ሊገለጥ የሚገባውም ከባለቤቱ ተሰወረ።

ጥፋቱ የመምህሩ ነውን ወይስ የመሣሪያው? ይህን ለመፍረድ መለኪያ ያስፈልጋል፤ መለኪያውም ከተጻፈ ቆይቷል። ዓለም አቀፉ የሰብአዊ መብት መግለጫ ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. በፓሪስ ሲጸድቅ፣ 48 መንግሥታት ደገፉት፤ 8 መንግሥታት ድምፅ ከመስጠት ተቆጠቡ፤ የተቃወመ አልነበረም። ከ48ቱ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። መግለጫው በአንቀጽ 12 የሰው ልጅ የግል ሕይወቱ፣ ቤተ ሰቡ፣ መኖሪያውና ደብዳቤው ያላግባብ እንዳይደፈርበት ይደነግጋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 26 በፖስታ ከሚላከው ደብዳቤ ጋር በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረገውን ግንኙነት አብሮ ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። የዓይነ ሥውሩን አባት ነገር የተመለከትን እንደ ሆነ፣ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ተቀብላ ካጸደቀች፣ ከ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ፣ መረጃ ለእርሳቸውም በሚደርስበት መንገድ እንዲቀርብ ቃል የተገባ ጉዳይ ነው። (ከዚህ በኋላ ዓመተ ምሕረት ያላልሁበት ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።)

መለኪያው ከታወቀ ዘንድ የሚቀረው የአመዛዘኑ ዘዴ ነው። በዚህ ረገድ ከሁሉ ይልቅ ስሙ የሚነሣው ራንኪንግ ዲጂታል ራይትስ የተባለው የጥናት ተቋም ነው። ይህ ተቋም በ2015 የመጀመሪያውን መዝገብ ሲያወጣ፣ 16 ታላላቅ የኢንተርኔትና የቴሌኮሙኒኬሽን ኩባንያዎችን በ31 መመዘኛዎች መርምሮ ለእያንዳንዳቸው ነጥብ ሰጥቷል። ሥራው የሚደነቅ ነው፤ ኩባንያዎች እንደ ተማሪ ተፈትነው ውጤታቸው በአደባባይ ሲነበብ ማየትም፣ አልዋሽም፣ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን የሚመዝነው በዋናው ኩባንያዎቹ ራሳቸው በአደባባይ ያወጡትን ቃልና ደንብ ነው። ቃሉን ያሳመረ ነጥቡ ያድግለታል። በእኔ አስተያየት ቃልን መመዘን የግድ አስፈላጊ ሆኖ ሳለ፣ ነገሩ በዚያ የሚያበቃ ከሆነ ግን ግማሽ ሥራ ነው። ከቃሉ ይልቅ መጠየቅ ያለበት፣ ይህ ኩባንያ ቃሉን ለማፍረስ ቢፈልግ ወይም ቢገደድ ምን ማድረግ ይቻለዋል የሚለው ነው።

ሁለት መልእክተኞችን እናስብ። አንደኛው ፊደል የቆጠረ፣ ደብዳቤውን ከፍቶ ማንበብ የሚችል፣ ነገር ግን አላነብም ብሎ የማለ ነው። ሁለተኛው ምንም አልማለም፤ ፊደል ግን አያውቅም፤ ደብዳቤውም የታሸገ ነው። የመጀመሪያው ቢራብ፣ ቢታሰር፣ ጌታውም ቢለወጥ መሐላው ምን እንደሚሆን አናውቅም። ሁለተኛው ግን ቢደበደብ እንኳ የሚናገረው የለውም። እኔ ምሥጢሬን የምሰጠው ለሁለተኛው ነው።

ይህን ሁለተኛውን መልእክተኛ የሚመስለው ሲግናል የተባለው ፕሮግራም ነው። በ2016 በአሜሪካ በቨርጂኒያ የተሰየመ የፌዴራል መርማሪ ሸንጎ፣ ስለ ሁለት ስልክ ቁጥሮች ባለቤቶች ያለውን መረጃ ሁሉ እንዲያቀርብ የፕሮግራሙን ባለቤት አዘዘ። ባለቤቱም ትእዛዙን ፈጸመ። ያቀረበው ግን ከሁለቱ በሲግናል ተመዝግቦ የተገኘው አንደኛው ቁጥር መቼ እንደ ተመዘገበና ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደ ተገናኘ ብቻ ነበር። ምን እንደ ተጻጻፈ፣ ከማን ጋር እንደ ተጻጻፈ አልሰጠም፤ አልሰጠም ማለት ግን እምቢ አለ ማለት አይደለም፤ በእጁ ስላልነበረ ነው። መልእክቱ ከላኪው ስልክ ሲነሣ በምሥጢር ቁልፍ ይዘጋል፤ የሚከፈተውም በተቀባዩ ስልክ ላይ ብቻ ነው። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድም ለሚያውቅ ሁሉ ሊመረመር በአደባባይ ተቀምጧል። እንከን የለበትም አልልም። ለመመዝገብ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥርን ከሌሎች ሰውሮ በመለያ ስም መገናኘት የተቻለው በ2024 ነው። ደግሞም በእርዳታ ገንዘብ የሚኖር በመሆኑ፣ እርዳታው የተቋረጠ ዕለት ምን ይሆናል ብሎ መሥጋት ይገባል።

ዋትስአፕን ስንመለከት ነገሩ ይወሳሰባል። ከ2016 ጀምሮ መልእክቱን ሁሉ የሚዘጋው በዚያው በሲግናል ዘዴ ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤው ታሽጓል። ነገር ግን ማን ለማን፣ መቼ፣ በስንት ጊዜ እንደ ጻፈ በፖስታው ጀርባ ላይ ይነበባል። ፖስታውንም የሚያነበው ማን ነው? ፌስቡክ በ2014 ዋትስአፕን በ19 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ሲዋዋል፣ የሁለቱን ድርጅቶች ደንበኞች መዝገብ በሚያስተማምን መንገድ ማገናኘት እንደማይችል ለአውሮፓ ኮሚሽን አስረድቶ ነበር። በ2016 ግን ውሉን ለውጦ የዋትስአፕ ተጠቃሚዎችን ስልክ ቁጥር ከፌስቡክ መዝገብ ጋር ሊያገናኝ ተነሣ። ኮሚሽኑም ጉዳዩን መርምሮ፣ ይህን ለማድረግ የሚቻልበት ዘዴ በ2014 ራሱ እንደ ነበረ ስላረጋገጠ፣ በ2017 የ110 ሚሊዮን ዩሮ መቀጫ ጣለበት። እነሆ የመሐላውና የችሎታው ልዩነት፤ አፍ አልችልም ሲል እጅ ግን ይችል ኖሯል።

ሦስተኛው ቴሌግራም ነው። በእርሱ ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ እኛ ኢትዮጵያውያን በትምህርት ቤቱም በመሥሪያ ቤቱም አብዝተን የያዝነው እርሱን ነውና። የተወደደበትም ምክንያት ግልጥ ነው። በደካማ መሥመር ላይ እንኳ ይሠራል፤ ታላላቅ መጻሕፍትን ያመላልሳል፤ አንድ ቡድን እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። ማስታወቂያን ለሕዝብ ለማሰማት ከእርሱ የሚሻል መሣሪያ በቀላሉ አይገኝም፤ ማስታወቂያም ምሥጢር ስላልሆነ በዚህ አገልግሎቱ ሊነቀፍ አይገባውም። ስሕተቱ የሚመጣው ይህን አደባባይ እንደ ጓዳ አድርገን ስንቆጥረው ነው። በቴሌግራም የምንጽፈው ተራ መልእክት በኩባንያው ኮምፒዩተሮች ላይ ይቀመጣል፤ መክፈቻውም በኩባንያው እጅ ነው። ከላኪ እስከ ተቀባይ የሚዘጋ መልእክት የሚገኘው «ምሥጢራዊ ውይይት» የሚባለውን ለብቻው መርጦ ለከፈተ ሰው ነው፤ እርሱም በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ ሲሆን ለቡድን ከቶ የለም። የሥነ ጽሑፍ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋሉ አይቀርም። ከአንድ ቤት ክፍሎች መካከል አንደኛው ብቻ «ምሥጢራዊ» የሚል ስም ከተሰጠው፣ የቀሩት ክፍሎች ምን እንደ ሆኑ ቤቱ ራሱ እየነገረን ነው።

ኩባንያው ለብዙ ዓመታት ለማንም መንግሥት የደንበኛን መረጃ አልሰጠሁም እያለ ሲመካ ቆይቷል። በነሐሴ ወር 2024 መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ በፈረንሳይ ተያዙ። በተከታዩ ወር ኩባንያው ደንቡን ለውጦ፣ ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት የደንበኛን ስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ለሕግ መታዘዙን አልነቅፍም። የማነሣው፣ በዚያች አንድ ወር ውስጥ የተለወጠው ቃሉ ብቻ መሆኑን ነው፤ መዝገቡ ቀድሞም በእጁ ነበር። በቃሉ ተማምኖ የኖረ ሰው ግን በአንድ ሌሊት ሌላ ውል ውስጥ ራሱን አገኘው።

ስለ ውል ከተነሣ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። ያነበብኳቸው የሦስቱም ውሎች በእንግሊዝኛ የተጻፉ፣ ለጠበቃ እንጂ ለእናትና ለአባት ያልታሰቡ ናቸው። መሬት ሲሸጥ ወይም ቤት ሲከራይ ምስክር ተቆጥሮ፣ ውል በሚገባ ቋንቋ ተነቦ መፈራረም የለመደ ሕዝብ፣ እዚህ ላይ ያላነበበውን አንድ ቁልፍ ተጭኖ ተስማማ ይባላል። እንዲህ ያለውን ስምምነት ስምምነት ብሎ መጥራት ለእኔ ይከብደኛል።

ከባለሥልጣናት አንባብያን አንዳንዶቹ፣ ማንም የማይከፍተው ደብዳቤ ለወንጀለኛም ያገለግላል ብለው እንደሚቃወሙኝ አውቃለሁ። ተቃውሞው እውነትነት አለው። ሆኖም በ2024 መጨረሻ በአሜሪካ የሆነውን መመልከት ይገባል። በፍርድ ቤት ትእዛዝ ስልክ ለመጥለፍ ተብሎ በቴሌኮም ኩባንያዎች ውስጥ በተከፈተው በር የውጭ አገር ሰላዮች ገብተው ተገኙ። በዚህም ምክንያት የአገሪቱ የጸጥታ ባለሥልጣናት ሕዝቡ ከላኪ እስከ ተቀባይ በሚዘጋ መልእክት እንዲጠቀም መከሩ። ለዳኛ ብቻ ተብሎ የተከፈተ በር ሌባውን ለይቶ አላስቀረውም።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። ያ ፎቶግራፍ በቴሌግራም ፈንታ በሲግናል ተልኮ ቢሆን ኖሮ ልጁ ከኀፍረት ይድን ነበርን? አይድንም፤ ማኅተም ደብዳቤን ከመልእክተኛው ይጠብቀዋል እንጂ ከሃምሳ ተቀባዮች አይጠብቀውም። ስለዚህ መሣሪያውን ስንመዝን በእርሱ የሚሠራበትንም ልማድ አብረን መመዘን አለብን። የኩባንያውን ችሎታ የሚመረምር ሰው የራሱንም እጅ ይመርምር። የማንን ስም ይዣለሁ? ለማን እየላክሁት ነው? መላክስ የግድ ነውን? ይህም መምህርን ብቻ የሚመለከት ጉዳይ አይደለም፤ የባለጉዳይን መታወቂያና የሕክምና ወረቀት በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሥራ ባልደረባ የሚያስተላልፍ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛንም ይነካል።

ይህንኑ ለመምህሩ በአክብሮት ባነሣሁላቸው ጊዜ አልተቈጡም። «ታዲያ ወላጅ በቶሎ እንዲያውቅ ምን ላድርግ?» አሉኝ፤ ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። ከዚያ ወዲህ የፈተና ቀንና የስብሰባ ጥሪ በቡድኑ ውስጥ ያስነግራሉ፤ ያንንም በፎቶግራፍ ሳይሆን በፊደል ይጽፉታል። ውጤትን ግን በታሸገ ወረቀት ለየተማሪው ይሰጣሉ፤ ለዓይነ ሥውሩ አባትም ራሳቸው ስልክ ደውለው ያነቡላቸዋል። በዝርዝሩ መጨረሻ የነበረው ልጅ በሳምንቱ ተመልሷል፤ የሚቀመጠው ግን ከቀድሞ ቦታው ርቆ በኋለኛው ወንበር ላይ ነው ብሎ የእኅቴ ልጅ ነግሮኛል። መምህሩ ፎቶግራፉን ከቡድኑ ውስጥ ወዲያው ሰረዙት። እኔም ሰሞኑን ስለዚህ ጽሑፍ ሳስብ ስልኬን ብመለከት፣ የመጣለትን ሥዕል ሁሉ በራሱ የሚያስቀምጥ ሆኖ ኖሮ፣ የዚያ ክፍል ልጆች ስም ከነደረጃቸው በሥዕሎቼ መካከል ተቀምጦ አገኘሁት።