በ«እናት» ውስጥ ገበሬው የት አለ?

ባለፈው የንባብ ክበባችን ስብሰባ ላይ፣ የማክሲም ጎርኪ «እናት» የሩሲያ ገበሬ እንዴት ወዛደር እንደሆነ ቁልጭ አድርጋ ታሳያለች ተባለና ተጨበጨበ። እኛ አላጨበጨብንም። ድርሰቷን ጠልተን አይደለም፤ ኒሎቭናን የማይወድ አንባቢ ያለም አይመስለን። ግን እስቲ መጽሐፏን እንግለጣት። ገና ሲጀመር የፋብሪካው ፉጨት ይጮኻል፣ ሠራተኞቹ ከየቤታቸው ይግተለተላሉ። ከየት መጡ? ለማን ገንዘብ ይልካሉ? መልስ የለም። የፓቬል አባት ራሱ የፋብሪካ ሰው ነው። ሪቢን ወደ ገጠር ቢሄድም ለቅስቀሳ እንጂ ለአጨዳ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ የተቆረጠ አልነበረም። በ1861 እ.ኤ.አ. ገባሩ ከጌታው ነፃ ወጣ ቢባልም፣ ለተሰጠው መሬት በ49 ዓመት የሚከፈል ዕዳ ተሸከመ። ዕዳው የመንደሩ ማኅበር የጋራ ዕዳ ነው። ከተማ ለመግባት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ ደግሞ ያለ ማኅበሩና ያለ አባወራው ፈቃድ አይገኝም። ገንዘብ ያልላከ ልጅ ወረቀቱ ባይታደስለት ምን ይውጠዋል? ፋብሪካ ውስጥ እየዋለ በመዝገብ ገበሬ ነው።

ይህን ገመድ በ1897 «ገበሬዎች» በሚለው ታሪኩ ያሳየን ቼኾቭ ነው። ኒኮላይ በሞስኮው ስላቭያንስኪ ባዛር ሆቴል አሳላፊ ነበር። ሲታመም፣ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል። እዚያ የሚጠብቀው ጠባብ ጎጆና «አፍ በዛብን» የሚል ፊት ነው። ከዚያ መንደር ማንበብ የቻለ ልጅ ሁሉ ለአሳላፊነት ይላካል፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት ግን ዳቦ ጋጋሪዎች ናቸው። ለምን ቢሉ፣ ቀድሞ ሞስኮ የገባ አንድ ሰው ያገሩን ልጆች ብቻ ይቀጥር ስለነበር ነው። ይህችን ነገር ስናነብ ሳቅን፤ እኛስ ከተማ ስንገባ ያረፍነው ማን ቤት ነው?

ቼኾቭ የሚጎድለው ፋብሪካው ነው። እሱን ሴምዮን ካናትቺኮቭ በማስታወሻው ይሞላዋል። በ1895፣ በ16 ዓመቱ፣ አባቱ በጋሪ ወደ ሞስኮ ወሰደው። የመንደር ሰዎች በጋራ በተከራዩት ቤት፣ ከአንድ ገበታ ሾርባ እየበላ ኖረ። በፋብሪካው የእንጨት ሞዴል ሠሪዎቹ እንደ ከተሜ ይለብሳሉ፤ ብረት አቅላጮቹን ባላገር እያሉ ይንቃሉ። ልጁ ማፈር ጀመረ። በአለባበሱ፣ በአነጋገሩ፣ በኋላም በአባቱ እምነት።

ለእኛ ወዛደሩ የተወለደው እዚህ እፍረት ውስጥ ነው፣ ጎርኪ ደግሞ የዘለለው ይህንኑ ነው። በ1906 አሜሪካ ተቀምጦ ሲጽፍ ለትግሉ የደረሰ ጀግና ፈልጎ ይሆናል፤ ይገባናል። ግን የክበባችን ሰዎች «ቁልጭ አድርጋ» ማለታቸውን ቢተዉልን። አልስማማም የሚል ካለ ይጻፍ፤ አዘጋጆቹ ለሚቀጥለው እትም ሁለት ገጽ አስቀርተዋል።