በአንገት የታሰረ ጸሎት፦ የዘማቹን እምነት ከድል ነጥሎ ስለማንበብ

ዐድዋም ማይጨውም የዋሉት በዐቢይ ጾም ነው። በባሕረ ሐሳብ ሲቆጠር፣ ዐድዋ የዋለበት እሑድ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም፣ የጾሙ አራተኛ ሰንበት መፃጉዕ ነበር። ማይጨው የዋለበት መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም ደግሞ ከኒቆዲሞስ ሰንበት በኋላ ያለው ማክሰኞ ነው፤ በማግስቱ ወርኀዊው ጊዮርጊስ ይውላል። በ40 ዓመት ልዩነት ያው ጾም፣ ያው ዳዊት፣ ያው ሰማዕት ተጠራ። ስለ መጀመሪያው ጸሎት ብዙ ተጽፏል። ስለ ሁለተኛው የተጻፈው ከዚያ ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም።

ምክንያቱ አይጠፋንም፤ ድል የተከተለው ጸሎት ለተራኪ ይመቻል። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴን ታሪከ ነገሥት ተከትሎ የመጣው ትረካ የጊዮርጊስን ታቦት ከሠራዊቱ፣ አቡነ ማቴዎስን ከንጉሠ ነገሥቱ፣ ዕለቱንም ከሰማዕቱ በዓል ጋር ያሰልፋል። ቁልቢም አለ፤ ራስ መኰንን ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ለገብርኤል ተስለው፣ በሰላም ሲመለሱ ደብሩን እንዳሠሩ ይነገራል። ስለቱ ሰመረ፣ ተከፈለም። በዚህ ሒሳብ ማይጨው የሚገባበት ዓምድ የለም። አፄ ኃይለ ሥላሴ ጦራቸው ከተፈታ በኋላ ወደ ላሊበላ ጎራ ብለው መጸለያቸው ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል፤ ስማቸው ያልተጻፈው የጦሩ ሰዎች በዚያ ሳምንት ምን እንደጸለዩማ ማን ይጠይቃል።

የኋላ ኋላ የመጡት ጸሐፊዎች ሌላ አቋራጭ አግኝተዋል፤ “ሞራል” ይሉታል። ጸሎት ከስንቅና ከጥይት ጋር ተደምሮ የሠራዊት ማበርቻ ይሆናል። ሞራል ግን የአዛዥ ቃል ነው። ሌሊት ጋቢውን ተከናንቦ የሚያነበንብ ሰው ስለ ሞራሉ አይጸልይም። ከዚህ አጣብቂኝ ለመውጣት ዓይናችንን ከንጉሡ ድንኳን አንሥተን የዘማቹን አንገትና ትከሻ ብናይ ይሻላል ባይ ነኝ።

ማንበብ የሚችለው ዳዊቱን በቆዳ ማኅደር ከትቶ ያንጠለጥላል። በእጅ ብዛት ያረጀ ዳዊት ያገላበጠ ሰው ያውቀዋል፤ ብራናው አውራ ጣት በሚያርፍበት ጠርዝ ጠቁሮ ወዝቷል፣ የጧፍ ነጠብጣብ እዚህም እዚያም ደርቆበታል፣ ጥቁረቱም በሁሉም ቅጠል እኩል አይደለም። 150ው መዝሙር በአሥር በአሥሩ “ንጉሥ” እየተባለ ቢከፈልም፣ አንባቢ የሚያዘወትረው የራሱ ገጽ አለው። ለጦር ሜዳ ሰው ከሁሉ የሚቀርበው መዝሙር 90 ይመስለኛል። በቀን ስለሚወረወር ፍላጻ፣ በቀትር ስለሚመጣ ክፉ፣ በግራና በቀኝ እልፍ ሲረግፍ ሳይነካ ስለሚቀር ሰው የሚናገረው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። በቀኝ በኩል የወደቀው ሰውም ያንኑ መዝሙር ደግሞ ነው የወጣው። ዘማቹ ይህን አይስተውም፤ ጎን ለጎን ሆነው ሲደግሙ አድረዋል። እንግዲህ ማብራሪያ የሚሻው ባልንጀራውን ቀብሮ በማግስቱ ያንኑ መዝሙር መልሶ መድገሙ ነው። መዝሙሩን ውል ያደረገ አንባቢ ውሉ ፈርሷል ማለቱ አይቀርም። መክፈቻውን ስናየው ግን የግእዙ ግስ ኀደረ ነው፤ ስለ ማደር፣ በልዑል ረድኤት ውስጥ ስለሚኖር ሰው ያወራል። ዘማች ደግሞ ማደሪያ የሌለው ሰው ነው። ዛሬ እዚህ ይሰፍራል፣ ነገ ነቅሎ ይሄዳል፣ ቤቱ ከኋላው ወራት ርቆታል። መዝሙሩን የደገመ ጊዜ የሚያድርበት ያገኛል። ጥይቱ ይምታው አይምታው ሌላ ጉዳይ ነው። ፊደል ያልቆጠረውም ከዚህ አይጎድልም፤ የጣቱን አንጓ እየቆጠረ 41 እግዚኦታውን ያደርሳል።

ከዳዊቱ ሌላ በዘማቹ አንገት የሚታሰረው ክታብ ግን ለሊቃውንቱ የማይመች ነገር ነው። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አስማተኛን አጥብቀው አሳደዋል፤ መምህራኑም ከዚያ ወዲህ ደብተራውን በዚሁ ሲነቅፉት ኖረዋል። ነቀፌታው ነገረ መለኮቱን ይመለከታል፤ እኔ የማየው አሠራሩን ነው። ጠባብ የብራና ቁራጮች ጫፍ ለጫፍ ተሰፍተው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይረዝማሉ፣ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቁት። ጽሑፉ በጥቁር፣ የክርስትና ስሙ ብዙ ጊዜ በቀይ ይጻፋል፤ ከዚያ ተጠቅልሎ፣ በቆዳ ተለብጦ በአንገት ይታሰራል።

ከተረፉት ክታቦች የሚበዙት የሴቶች ናቸው፤ ለወሊድ፣ ለደም መፍሰስ፣ ለሾተላይ የተጻፉ። ይህ ክርክሬን የሚያፈርስ ይመስላል። እኔ ግን ዘማቹንና ወላዷን ጎን ለጎን የሚያቆማቸው ይኸው ነው እላለሁ። ሁለቱም ደማቸው የሚፈስበት ደጃፍ ላይ ናቸው፣ ማን እንደሚመለስ አይታወቅም። ወላዷን “እንኳን ማርያም ማረችሽ”፣ ዘማቹን “እንኳን ለቤትህ አበቃህ” እንላለን፤ ሁለቱም ሰላምታዎች ለተረፈ ሰው የሚሰጡ ናቸው። ከወሎ ለዘመተው ሙስሊም ደግሞ በአንገቱ ያለው ሂርዝ፣ በአፉ ያለው ዱዓ ነው። የዘማች እምነት ጥናት በግእዝ መጻሕፍት ብቻ ከተወሰነ የሠራዊቱን አንድ ክፍል ከሜዳ ያስቀረዋል።

ከክታቡ አጠገብ ልፋፈ ጽድቅ ሲገኝ ነገሩ ይወሳሰባል። ክታብ ከሞት ሊጠብቅ ይታሰራል። ልፋፈ ጽድቅ ግን በሕይወት ሳሉ የሚይዙት፣ ሲሞቱ አብሮ የሚቀበር፣ ነፍስ ከሥጋ ስትለይ የሚያሻግራት ጽሑፍ ነው። “አድነኝ” እና “ስሞት ተቀበለኝ” በአንድ አንገት ይታሰራሉ። ለሎጂክ አስተማሪ ይህ ቅራኔ ነው፤ ገበሬ የነበረው ዘማች ግን ዝናብ እየለመነ ጎተራውን የሚጠግን ሰው ነው። ደግሞም የሚፈራው ሞትን ብቻ አይደለም። የአሞራ ሲሳይ መሆንን፣ ያለ ኑዛዜ፣ ያለ ፍትሐት፣ ያለ 40 ተዝካር ቀልጦ መቅረትን ይፈራል። ካህን ባይደርስለት እንኳ የመቃብሩን ጸሎት በአንገቱ ይዞ ይወጣል።

ይህ ፍርሃት ከጎራዴው ዘመን ጋር አላለፈም። ከ1943 ዓ.ም ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ሙታን በዚያ አልቀሩም፤ አጽማቸው ወደ አገሩ ተመልሷል። መንግሥት የክብሩን ጉዳይ ማሰቡ አይካድም። መርዶ ተረድታ የሚቀበር ላጣች እናት ግን ፍትሐቱ ያኔ ደረሰላት።

ክታብ ይወረሳል፣ ይሸጣልም። ባለቤቱ ሲለወጥ ደብተራው ጽሑፉን አይነካም፤ ስሙን ብቻ ፍቆ በቦታው ሌላ ይጽፋል። እንዲህ ያለውን ብራና ወደ ብርሃን ዘንበል ቢያደርጉት የተፋቀው ሥፍራ ሳስቶ ይታያል፣ ከአዲሱ ስም ሥር የአሮጌው ቀይ ቀለም ጥላ ይቀራል። የብራናው ርዝመት ግን አይለወጥም፤ አሁንም የፊተኛው ሰው ቁመት ነው።