«አስተናጋጅ ሕዋስ» እና «ረዳት ፕሮቲን»፤ በሁለት ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. አገራችንን የመታው ወረርሽኝ በሕዝቡ አንደበት «የኅዳር በሽታ» ተብሎ ቀርቷል። ስያሜው የበሽታውን ባሕርይ ባይገልጽም ጊዜውን በትክክል ስለሚመሰክር ማንንም አያሳስትም። የዚያው በሽታ መንሥኤ የሆነው የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ እንዴት እንደሚራባ ለማስረዳት የሚነገሩት ሁለት ስያሜዎች፣ ይኸውም «አስተናጋጅ ሕዋስ» እና «ረዳት ፕሮቲን»፣ ግን ያሳስታሉ።

«አስተናጋጅ» በዛሬው አማርኛ በሆቴል ምግብና መጠጥ የሚያቀርብ ሠራተኛ ነው፤ በሰፊው ፍችውም እንግዳን ወዶና ፈቅዶ የሚቀበል ማለት ነው። ከአንኮበር በታች ባለችው በጥንታዊቷ የገበያ ከተማ በአሊዩ አምባ፣ ከቆላ ጨው ጭኖ ለመጣ ሲራራ ነጋዴ ደጁን የሚከፍት ሰው ይህ ስም ይገባዋል። ሕዋስ ግን ፈቃድ የለውም። ስለዚህ ስለ ፈቃድ ምንም የማይናገረው «ማደሪያ ሕዋስ» ይሻላል።

«ረዳት ፕሮቲን» የሚለው ስሕተት ከዚህ ይከፋል። ቫይረሱ ወደ ሕዋሱ ኒውክለስ የሚገባው ኢምፖርቲን በተባሉ የሕዋሱ አጓጓዥ ፕሮቲኖች ነው፤ አርኤንኤውን ለማባዛትም ኤኤንፒ32ኤ የመሰለ የሕዋስ ፕሮቲን ያሻዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፣ የአብዛኞቹ አእዋፍ ኤኤንፒ32ኤ በሰው ዘንድ የሌሉ 33 አሚኖ አሲዶች አሉት። በዚህም ምክንያት የአእዋፍ ቫይረስ በሰው ሕዋስ ውስጥ በሚገባ ለመራባት የራሱን ፖሊሜሬዝ መለወጥ ግድ ይሆንበታል። እንግዲህ አድራጊው ማን ነው? የሚለወጠው ቫይረሱ ነው፤ ፕሮቲኑ የሕዋሱን የዘወትር ተግባር ከማከናወን በቀር ያደረገው ነገር የለም። «ረዳት» የሚለው ቃል አድራጊውንና ተደራጊውን ያቀያይራል። በምትኩ «መገልገያ ፕሮቲን» ቢባል ተገልጋዩ ቫይረሱ መሆኑ ይታወቃል።

«ማደሪያ» የሕዋሱን ሥራ አያሳይም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ ያን ጉድለት የሚሞላው ሁለተኛው ስያሜ ነው።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። «ረዳት» የተባለውን ፕሮቲን ተማሪው ቢወገድ የማይጎዳ ትርፍ ነገር አድርጎ ያየዋል፤ እርሱን የሚያግድ መድኃኒት ሕዋሱንም ሊጎዳ እንደሚችል ይዘነጋል። በአሊዩ አምባ ልጇ የታመመባት እናትም «ሰውነቱ ቫይረሱን ረዳው» ብትባል ጥፋቱ የልጇ ይመስላታል። ስያሜ አውጪ ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።