ማንም ለራሱ የማይለው ግስ

እንግሊዝኛ የነቀፋ ግስ አያጣም። «ካርፕ» የሚለው ግን የራሱ ጠባይ አለው፤ ነቃፊውን መልሶ ይነቅፋል። እገሌ «ካርፕ» ያደርጋል ከተባለ አቃቂር አውጪ ነው፣ በጥቃቅኑ ይነዘንዛል ማለት ነው፤ ያነሳው ጉድለት እውነት ይሁን ሐሰት ግሱ አይነግረንም። አገባቡም ይህንኑ ያሳብቃል። በአንደኛ መደብ ሲመጣ ባብዛኛው በአሉታ ነው፦ ተናጋሪው አቃቂር ማውጣቴ አይደለም ብሎ ይጀምርና ወዲያው ያወጣል። እኛም ዘንድ «ለመንቀፍ ብዬ ሳይሆን» ያለ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚል እናውቃለን።

ጥንት እንዲህ አልነበረም። ምንጩ መኩራራት የሚል ፍች የነበረው የኖርስ ቃል ሲሆን፣ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ማውራት፣ መጫወት ማለት ነበር። ቾሰር በ14ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በካንተርበሪ ተረቶች መቅድም የባዝ ከተማዋን ሴት ከባልንጀሮቿ ጋር የሚያስቃትና የሚያጫውታት በዚሁ ግስ ነው። ዋልተር ስኮት እ.ኤ.አ. በ1802 ማሳተም በጀመረው የድንበር ባላዶች ስብስብም የኤልፍላንድ ንግሥት ቶማስ የተባለውን አዝማሪ እየደረደረ እንዲያዜም ስትጋብዘው ቃሉ ይኸው ነው። ጨዋታው ወደ ንዝንዝ የዞረው በላቲን ጥላ ሥር ነው። መቅጠፍ፣ መቦጨቅ፣ ስም ማጥፋትም የሚል ፍች ያለው «ካርፔሬ» በድምፅ ስለሚቀርበው፣ በ16ኛው መቶ ዘመን አዲሱ ፍች አሮጌውን አሸነፈው። (ግሱ ካርፕ ከሚባለው ዓሣ ጋር ግን ዝምድና የለውም።)

ግሱ ከእውነት ይልቅ መጠንን መለካቱ ምን እንደሚያስከትል በሐያሲው በቶማስ ራይመር ማየት ይቻላል። ከባላዱ ቶማስ ጋር በስም መመሳሰሉ አጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1693 ባወጣው የትራጀዲ ዳሰሳ፣ እኛ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም የምናውቀውን የሼክስፒርን ኦቴሎ በመሐረቡ አፌዘበት። ለአንዲት መሐረብ ይህ ሁሉ ጣጣ ከሆነ ቴአትሩ በመሐረቡ ለምን አልተሰየመም አለ፤ ለሚስቶች ያለውም ትምህርት ጨርቃቸውን እንዲጠብቁ ብቻ ነው ሲል ተሳለቀ። ታሪክ ጸሐፊው ማኮሌ በ19ኛው መቶ ዘመን ከሐያስያን ሁሉ የከፋው እሱ ነው ብሎ ፈረደበት። እርግጥ ራይመር ለመወደድ አይመችም፤ በኦቴሎ ጥቁረት ላይ የሰነዘረው ንቀት ዛሬም ያሳፍራል።

መሐረቡን ግን እስቲ እንከተለው። እንጆሪ የተጠለፈበት የኦቴሎ ስጦታ ነው። ከሚስቱ ከዴዝዴሞና ይወድቃል፣ ኤሚሊያ ታነሳዋለች፣ ኢያጎ ካሲዮ ክፍል ይጥለዋል፣ ካሲዮ ጥልፉን እንድትገለብጥለት ለቢያንካ ይሰጣታል፣ ኦቴሎ ከተደበቀበት ያየዋል። የአንዲት ሴት ሞት የተንጠለጠለው በዚህ ቅብብል ነው። ራይመር ተሳልቆም ቢሆን ጣቱን ያሳረፈው ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው። የጊዜው ጥያቄም እንዲሁ። ካሲዮና ዴዝዴሞና ቆጵሮስ የደረሱት በተለያየ መርከብ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜም አጭር ነው። ታዲያ ኢያጎ በሁለቱ ላይ የሚያወራው ዝሙት መቼ ተፈጸመ? በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጆን ዊልሰን ቴአትሩ በሁለት የጊዜ ስሌት፣ በአጭርና በረጅም፣ ይጓዛል ያለው ይህችኑ እንቆቅልሽ ለመፍታት ነበር።

በጣም የሚገርመኝ ሳሙኤል ጆንሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1765 የሼክስፒር መቅድሙ የደራሲውን ጉድለት በገጽ በገጽ ይዘረዝራል፤ የላላ የታሪክ አወቃቀር፣ የተቻኮለ መደምደሚያ፣ በቃላት ጨዋታ መንሰፍሰፍ ሁሉ አለበት። በዚያው መቅድም ግን የራይመርንና የሌላውን ሐያሲ የዴኒስን ወቀሳ የ«ካርፕ» እኅት በሆነው በ«ካቪል» ጠርቶ የትናንሾች ነገር ብሎ ይንቀዋል። የቃላት ጨዋታ ከመሐረብ በምን ይበልጣል? ልዩነቱ የወቀሳው ክብደት ሳይሆን ወቃሹ ለደራሲው ያሳየው አክብሮት ይመስለኛል፤ ጆንሰን መጀመሪያ አወድሶ ነው የነቀፈው። ይህ ደግሞ የጨዋነት መለኪያ እንጂ የሂስ አይደለም።

ቲ. ኤስ. ኤሊዮት እ.ኤ.አ. በ1919 በሐምሌት ላይ በጻፈው ድርሰት፣ በግርጌ ማስታወሻ፣ ራይመር በኦቴሎ ላይ ላነሳቸው ተቃውሞዎች አሳማኝ ማስተባበያ አይቶ እንደማያውቅ ገልጿል።