የትንቢተ ዮናስ መርከበኞች፦ ሃይማኖታቸውና ምግባራቸው

ትንቢተ ዮናስ በእኛ ዘንድ በአብዛኛው የሚታወሰው በጾመ ነነዌ ነው። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው በሚጾሙት ሦስት ቀናት፣ የንስሓ አርአያ ሆነው የሚነሡት የነነዌ ሰዎች ናቸው። በምዕራፍ አንድ ያሉት መርከበኞች ግን እንደ አጃቢ ገጸ ባሕርያት ይታለፋሉ። በእኔ አስተያየት የመጽሐፉን የምግባር ጥያቄ አስቀድመው የተሸከሙት እነርሱ ናቸው።

ተራኪው ስም አይሰጣቸውም። ማዕበሉ ሲነሣ እያንዳንዱ ወደ የራሱ አምላክ ይጮኻል፤ ነቢዩ ግን ከመርከቡ ታችኛ ክፍል ወርዶ ተኝቷል። ተነሥቶ እንዲጸልይ የሚቀሰቅሰውም አረማዊው የመርከብ አለቃ ነው። (ዮናስ በመርከቡ ላይ ሳለ አንድ ጊዜም ሲጸልይ አናገኘውም።) የመርከበኞቹ ፍርሃት ከማዕበሉ ተነሥቶ፣ በዮናስ ቃል በርትቶ፣ በመጨረሻ ፈሪሃ እግዚአብሔር ይሆናል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ከዕጣው በኋላ ያለው ነው። ዕጣው በዮናስ ላይ ሲወድቅ ሥራውን፣ የመጣበትን፣ አገሩንና ወገኑን ይጠይቁታል። ይህን ጥያቄ የተወለድሁባት የጊዳ አያና ሰው ጠንቅቆ ያውቀዋል። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎ የመጡ ሠፋሪዎች ከነባሩ ሕዝብ ጋር በኖሩበት በዚያ ወረዳና በአጎራባቾቹ፣ በ2013 እና በ2015 ዓ.ም. በደረሰው ግጭት ከየወገኑ ብዙ ሰው ሞቷል፣ ተፈናቅሏል። ያን ጊዜ «ወገንህ ማነው?» ለተባለ ሰው መልሱ ራሱ ፍርድ ሊሆንበት ይችል ነበር።

በመርከቡ ላይ እንዲህ አልሆነም። ዮናስ ጥፋቱን አምኖ ወደ ባሕር ጣሉኝ ካላቸው በኋላ እንኳ፣ ወደ የብሱ ሊመልሱት በብርቱ ይቀዝፋሉ። ጭነታቸውን ቀደም ብለው ጥለዋል፤ ሰው ለመጣል ግን እጃቸው አልታዘዘም።

«በመጨረሻ ጥለውት የለም እንዴ?» የሚል ተማሪ ገጥሞኛል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ተራኪውም ነገሩን አይሸፍነውም። የጣሉት ግን መቅዘፉ ካቃታቸውና የንጹሕ ሰው ደም እንዳይቆጠርባቸው ከለመኑ በኋላ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ መርከበኛን ሁሉ ደግ አድርጎ እንደማይስልም ማስታወስ ይገባል፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ያሉት መልሕቅ የሚጥሉ መስለው በጀልባ ሊያመልጡ ሞክረዋል።

ባሕሩ ጸጥ ሲል የዮናስ መርከበኞች ይሠዋሉ፣ ይሳላሉ፤ ከዚያ በኋላ በትረካው አይመለሱም። የጣሉት ሰው በሕይወት መትረፉን የነገራቸው የለም።