በማን ነው የምንስቀው?
(ስለ አስቂኝ የፈተና መልሶች የቀረበ አጭር ሂስ)

በየዶርሙና በየሻይ ቤቱ ከሚወሩት የተማሪ ጨዋታዎች መካከል የፈተና መልስን ያህል የማያረጅ ያለ አይመስለንም። «ኤክስን ፈልግ» ሲባል በሥዕሉ ላይ ያለውን ኤክስ አክብቦ «ይኸውና!» ያለው ተማሪ ስንቴ ተወራ? የየት አገር ልጅ እንደሆነ አይታወቅም፤ ሁሉም «የእኛ ክፍል ልጅ ነው» ይላል። ሰሞኑን አንዳንድ ጓደኞቻችን እንዲህ ያሉትን መልሶች ሰብስበን በመጽሔታችን የሳቅ ገጽ እናውጣቸው የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ሐሳቡን አንቃወምም። ሳቅ ማን ይጠላል? ነገር ግን የሚታተም ነገር ሁሉ ሂስ ይገባዋልና፣ ይህ የጽሑፍ ዓይነት ምን እንደሆነ፣ ሳቁም በማን ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ መመርመር ተገቢ ነው እንላለን።

በእኛ አስተያየት አስቂኝ መልሶች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ተማሪው ሳያውቅ የሚያስቀን ነው፤ ሁለተኛው ዐውቆ የሚያስቀን ነው። በአንድ ገጽ ተደባልቀው ሲወጡ መንትያ ይመስላሉ። ሆኖም በመጀመሪያው የምንስቀው በተማሪው ነው፤ በሁለተኛው ግን ከተማሪው ጋር ሆነን በጥያቄው ነው።

የመጀመሪያውን ዓይነት መሰብሰብ አዲስ ነገር አይደለም። ካሮላይን ለ ሮው የተባለች አሜሪካዊት መምህርት ተማሪዎች በፈተና ላይ የጻፏቸውን መልሶች ሰብስባ ነበር፤ ማርክ ትዌይንም እ.ኤ.አ. በ1887 ስለዚሁ ስብስብ በአንድ መጽሔት ጽፏል። ትዌይን ቀልደኛ ነውና በመልሶቹ ከልቡ ይስቃል። ግን በዚያ አላበቃም። ጥያቄዎቹ ልጁ ካለበት ቦታ ብዙ ርቀው የሄዱ ይሆኑ እንደሆነስ ብሎ ይጠይቃል። ቁም ነገሩ ይኸ ነው። አንድ ልጅ ያልገባውን ቃል ሸምድዶ፣ ግማሹ ከአእምሮው ሲጠፋ በቀረው ግማሽ የራሱን ነገር ሠርቶ ከጻፈ፣ የሚያስቀው የልጁ ድንቁርና ነው ወይስ የአስተማሪው ዘዴ?

ለእኛ ደግሞ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የምንማረው። በእንግሊዝኛ የተጠየቀውን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ የሚመልስ ተማሪ ወንዙን ሁለቴ ይሻገራል። በመሻገሪያው ላይ ጫማው ቢወሰድበት ዳር ቆሞ መሳቅ ቀላል ነው። እንዲህ ዓይነቱን መልስ ከጥያቄው ነጥሎ ማተም ሂስም አይደለም፣ ቀልድም አይደለም፤ ማላገጥ ነው።

ወደ ሁለተኛው ዓይነት እንሂድ። ከሁሉ የሚልቀው ምሳሌ አሌክሳንደር ካላንድራ የተባለው አሜሪካዊ መምህር የጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1968 በአንድ ታዋቂ መጽሔት ከወጣ በኋላ ዓለምን ያዳረሰው የባሮሜትር ታሪክ ነው። የፊዚክስ ጥያቄው «በባሮሜትር በመጠቀም የአንድን ረጅም ሕንፃ ቁመት እንዴት ማወቅ እንደሚቻል አሳይ» የሚል ነበር። የሚጠበቀው መልስ ከሕንፃው ግርጌና ከጣሪያው ያለውን የአየር ግፊት ልዩነት ማስላት ነው። ተማሪው ግን ባሮሜትሩን በገመድ አስሮ ከጣሪያ እስከ መንገድ ማውረድ፣ ከዚያ ገመዱን መለካት ነው ብሎ መለሰ። መምህሩ ዜሮ ሊሰጠው፣ እሱ ሙሉ ማርክ ሊወስድ ተከራከሩና ካላንድራ ዳኛ ሆኖ ተጠራ። ፊዚክስ የታየበት መልስ እንዲጽፍ ስድስት ደቂቃ ተሰጠው። አምስቱን ደቂቃ ምንም ሳይጽፍ ቆየ፤ ተስፋ ቆርጦ ሳይሆን መልሱ በዝቶበት ሲያማርጥ ነው! በመጨረሻዋ ደቂቃ ባሮሜትሩን ከጣሪያ ጥሎ፣ የወደቀበትን ጊዜ ለክቶ፣ ቁመቱን በቀመር ማስላት እንደሚቻል ጻፈ። ሌሎችም ነበሩት። በጥላው ርዝመት ማመሳከር፣ እንደ ፔንዱለም ማወዛወዝ፣ ደረጃውን እየወጡ ግድግዳውን በባሮሜትሩ ቁመት መለካት። የመጨረሻው ደግሞ የሕንፃውን ኃላፊ አግኝቶ «ቁመቱን ቢነግሩኝ ይህን ባሮሜትር እሰጥዎታለሁ» ማለት ነው። (ይህን ዘዴ እንኳ ከውጭ መማር አያስፈልገንም።)

ይህ ታሪክ ጥሩ የሆነው ስለሚያስቅ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ መልስ ይሠራል! ተማሪው ጥያቄውን ከጠያቂው ይበልጥ በቁም ነገር ወስዶታል። በእኛ የትርጓሜ ትምህርት ቤት መምህሩ አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በሁለትና በሦስት መንገድ ያፈታታዋል። የባሮሜትሩ ልጅ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ አንድም ገመድ፣ አንድም ጥላ፣ አንድም ዘበኛ። በቅኔ ቤትም የትናንቱን ቅኔ ደግሞ የሚያመጣ ተማሪ አይመሰገንም፤ ዛሬ የቆጠረውን አዲስ ቅኔ ነው ለመምህሩ የሚነግረው። የቄስ ትምህርት ቤት ሽምደዳ አልነበረበትም አንልም፤ ዳዊት በቃል ነው የሚደገመው። ግን ከሽምደዳው በላይ አዲስ ነገር የሚጠየቅበት ክፍል ነበረው።

በዚህ ሚዛን ስንመዝነው «ይኸውና!» ያለው ልጅ ይቀልብናል። «ፈልግ» በምትለው ቃል ተጫውቷል፤ ማዕዘኑን ግን አልነካም። ሰም አለው፣ ወርቅ የለውም። በሌላ በኩል «የአሜሪካ የነጻነት ዐዋጅ የት ተፈረመ?» ሲባል «ከገጹ ግርጌ» የሚለውን የታወቀ ቀልድ ወደ እኛ እናምጣው። የውጫሌ ውል የት ተፈረመ? ውጫሌ ቢባል ማርክ ይገኛል። «ከወረቀቱ ግርጌ» ቢባል ግን ወዲያው «ከየትኛው ወረቀት?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል የአማርኛውና የጣልያንኛው ቅጂ በ17ኛው አንቀጽ ላይ ይለያያሉና። የአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲላላኩ በኢጣልያ መጠቀም «ይችላሉ» ሲል፣ የጣልያንኛው ግዴታ ያደርገዋል። ነገሩ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ደረሰ። እንግዲህ የቱ ነው ታሪክ የሚያውቅ መልስ?

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። የባሮሜትሩ ታሪክ እየተወራ ሲሄድ ተማሪው ኒልስ ቦር ነው መባል ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1922 የኖቤል ሽልማት የተሸለመው የፊዚክስ ሊቅ ማለት ነው። ካላንድራ ግን እንዲህ አላለም። ባለቤት ያጣ ቀልድ ሁሉ ለአለቃ ገብረ ሐና እንደሚሰጠው መሆኑ ነው። ይህ ስለ እኛ ስለ አንባቢዎች የሚናገረው አለ። መልሱ የተራ ተማሪ ሲሆን ድፍረት እንለዋለን፤ የታላቅ ሰው ነው ሲባል ጥበብ ይሆናል። አራሚውስ ማርክ ሲሰጥ በወረቀቱ ላይ የሚያየው መልሱን ነው ወይስ ስሙን?

በምርጫ ፈተና እንዲህ ያለ ክርክር ከቶ አይነሣም። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፤ አለቀ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ምን አስበው እንዳጠቆሩ ከወረቀቱ ማንም ሊያነብ አይችልም። አስቂኝ የተባለ መልስ ቢያንስ ተማሪው ያሰበበትን መንገድ ያሳያል። ለዚህም ነው ከጠቆረ ክብ ይበልጥ የሚነበበው።

ስለዚህ የሳቅ ገጹ ይውጣ እንላለን። ግን በሦስት ነገር። መልሱ ከነጥያቄው ይታተም፤ የጸሐፊው ስም አይነሣ፤ ከሥሩም «ጥያቄው ምን ጎደለው?» የምትል አንዲት መስመር ትኑር። ከእኛ ብዙዎቻችን ነገ ቀይ እስክሪብቶ ይዘን የሌላውን ወረቀት የምናርም ነን። ማረሙን ከወዲሁ በዚህ ገጽ ብንለማመደው አይከፋም።