የበጋ ጨርቅ ለጀማሪ እጅ

ልብስ ስፌት መማር የሚፈልግ ሰው «መቼ ልጀምር?» ሲለኝ «በጋው ሳያልፍ» እላለሁ። ለብርድ የሚሰፋ ልብስ ወፍራም ነው፤ ገበር፣ ኮሌታና ዚፕ ይፈልጋል፣ ከገላ ጋር ልክ ካልመጣም አያሞቅም። ለሙቀት የሚሰፋው ግን ስስና ሰፊ ነው። ነፋስ እንዲገባበት ከገላ ይርቃል፤ ከገላ የራቀ ልብስ ደግሞ የአንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ስሕተት ይችላል። የካቲት ገብቶ ሚያዝያ እስኪያልፍ አዲስ አበባ እንኳ ቀን ቀን ትሞቃለች፤ የአዳማና የድሬዳዋማ ነገር ሌላ ነው። በዚህ ወቅት የሚያስፈልገን ልብስና ጀማሪ ሊሰፋው የሚችለው ልብስ ይገጣጠማሉ። ሁለቱም አራት ማዕዘን ጨርቅ፣ ቀጥ ያለ ስፌትና ጥሩ ጥጥ ይበቃቸዋል።

ሰፊ ልብስ ልክን ይቅር ቢልም የስፌትን ጥራት ግን ይቅር አይልም። ጥልፍና ዳንቴል ጉድለትን ይሸፍናሉ። ባዶ የትራስ ልብስ ምንም መሸፈኛ ስለሌለው ጠርዙ ከተጣመመ ገና ከበር ሲገቡ ይታያል። ቀላል የሚባሉትን ሥራዎች አክብሬ የማስተምረው ለዚህ ነው። ቀጥ ያለ ስፌትን አጥርቶ የሰፋ ሰው የሙያውን ግማሽ ጨብጧል፤ የቀረው እዚያው ላይ የሚጨመር ነው። ምስክር ካስፈለገ ጋቢ አለ። ከሽመና ዕቃ የሚወርደው ጨርቅ ጠባብ ስለሆነ የሚሰፋው ጎን ለጎን ሲጋጠም ነው። ነጠላ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ አራት ድርብ ይሆናል። በሁለቱም ውስጥ አንድም የተጠማዘዘ ቅድ የለም፤ ያም ሆኖ የተዋጣለትን መጋጠሚያ ካልተዋጣለት ማንም እናት በእጇ ዳብሳ ትለየዋለች።

ሥራው የሚጀምረው ብትን ጨርቅ ከሚሸጥበት ሱቅ ነው። የጀማሪ ዓይን ቶሎ የሚያርፈው የሚያብረቀርቀው ሳቲንና ስሱ ሺፎን ላይ ነው። ሁለቱም ሲቀደዱ ይንሸራተታሉ፣ ሲሰፉ ይኮማተራሉ። ፖፕሊን ግዙ፤ ለመለማመጃ ደግሞ አቡጀዲ ወይም ያረጀ የጥጥ አንሶላ ይበቃል። ነጋዴው «ንጹሕ ጥጥ ነው» ቢላችሁ ከጫፉ ሁለት ሦስት ክር መዝዛችሁ በጥንቃቄ አቃጥሉት። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ለስላሳ አመድም ይተዋል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር ፍሬ ይሆናል። ወርዱንም ጠይቁ። አንዱ ጨርቅ 1.10 ሜትር፣ ሌላው 1.50 ሜትር ወርድ አለው፤ ስንት ሜትር እንደምታስቆርጡ የሚወስነው ይኸው ነው።

ጨርቁ ቤት ሲገባ ከመቀስ በፊት ውኃ ማግኘት አለበት። ያልታጠበ ጥጥ ከመቶ አምስት እጅ ያህል ሊያጥር ይችላል፤ ይህም ሁለት ሜትር ላይ አሥር ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ልብሱ ከተሰፋ በኋላ ካጠረ ጉልበት ይሸፍን የነበረው ጉርድ ከጉልበት በላይ ይወጣል። ስለዚህ ወደፊት ልብሱን እንደምታጥቡት አድርጋችሁ እጠቡት፤ እርጥበቱ ጨርሶ ሳይለቀው ተኩሱት።

ከዚያ ድሩንና ማጉን ለዩ። ድር በጨርቁ ቁመት፣ በሽመና ከተዘጋው ዳር ጋር ጎን ለጎን የሚሄደው ክር ነው፤ ማግ በወርዱ የሚያቋርጠው ነው። ጨርቁን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ በድሩ በኩል ሳቡት፤ ፍንክች አይልም። በማጉ በኩል በትንሹ ይሳባል። በሰያፍ ስትስቡት ግን በደንብ ይለጠጣል። ልብስ ቀጥ ብሎ የሚወርደው ድሩ ከላይ ወደ ታች ሲሆን ነው። ይህን ሳይለዩ የተቀደደ ጉርድ ከታጠበ በኋላ አንድ ጎኑ ይረዝማል፤ ምንም ቢተኮስ አይመለስም። ከሱቅ የመጣ ጨርቅ ጫፉ ተጣሞ የተቆረጠ ሊሆን ስለሚችል ዳሩን በመቀስ ትንሽ በጥሱና ቀሪውን በእጃችሁ ቅደዱት። ፖፕሊን አንድ ማግ ተከትሎ ከዳር እስከ ዳር ይተረተራል። ድምፁ ጀማሪን ያስደነግጣል፤ ከዚህ የበለጠ ቀጥ ያለ መስመር ግን በማስመሪያም አይገኝም።

ስፌት መኪናው የእግር ሲንገርም ይሁን የኤሌክትሪክ፣ ጀማሪን አያበላልጥም፤ የእግሩ እንዲያውም መብራት ሲጠፋ ሥራ አያስፈታም። ለስስ ጥጥ 11 ወይም 12 ቁጥር መርፌ፣ ለአቡጀዲ 14፣ ለወፍራም ካኪ 16 ይሆናል። የስፌቱን ርዝመት 2.5 ሚሊ ሜትር ላይ አድርጉት። ጨርቅ ከመንካታችሁ በፊት ክሩን አውጡና የደብተር ወረቀት መስመር መስመሩን ተከትላችሁ በባዶ መርፌ ስፉ። የመርፌው ቀዳዳ ከመስመሩ ላይ ሳይወርድ ገጹን ከጨረሳችሁ እግርና እጃችሁ ተግባብተዋል ማለት ነው። ወረቀት መርፌን ስለሚያደነዝዝ ወደ ጨርቅ ስትሻገሩ መርፌውን ቀይሩት።

ሁሉም ጀማሪ ማለት ይቻላል ጨርቁን ከመርፌው በስተኋላ ይስባል። አንዲት ተማሪዬ በዚህ ምክንያት ክሩ ደጋግሞ ተበጠሰባት። «እትዬ፣ መኪናው አልሄድ አለኝ» አለች። «እጅሽን ከኋላ አንሺና ከፊት ለፊት ብቻ ያዢው» አልኳት። አነሳች። ከመኪናው የጨርቅ መጫኛ እግር በታች ያሉት ጥርሶች ጨርቁን ራሳቸው እየነከሱ ወሰዱት፤ እሷ የቀራት አቅጣጫ ማስያዝ ብቻ ሆነ። ጨርቅ ሲሳብ መርፌው ይጎብጣል፣ የጎበጠ መርፌ ከሥር ያለውን ብረት ይመታል፣ ክር ይበጥሳል። ዓይንም መርፌው ላይ ማፍጠጥ የለበትም። ከመርፌው በስተቀኝ በ1 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ፕላስተር ለጥፉና የጨርቁ ጠርዝ ከፕላስተሩ ጋር መሄዱን ተከታተሉ። ጠርዙ ከተጠበቀ ስፌቱ ቀጥ ይላል።

ለመጀመሪያ ሥራ የትራስ ልብስ እሰጣለሁ። ለ50 በ70 ሴንቲ ሜትር ትራስ 164 በ52 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ይበቃል። ሁለቱን አጫጭር ጫፎች በ2 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ ቀምቅሙ። የጨርቁን ፊት ወደ ላይ ዘርግታችሁ አንዱን ጫፍ በ70 ሴንቲ ሜትር ላይ እጠፉት፤ በሌላው ጫፍ የተረፈውን 20 ሴንቲ ሜትር ከላይ መልሱበት። ግራና ቀኙን በ1 ሴንቲ ሜትር ስፉና ገልብጡ። ዚፕም ቁልፍም የለውም፤ ትራሱን የሚይዘው የተመለሰው ክንፍ ነው። በውስጥ በኩል የቀረውን ጥሬ ጠርዝ ዚግዛግ ምቱት፤ ወይም የሰፈር ልብስ ሰፊ ኦቨርሎክ እንዲመታላችሁ አድርጉ።

የካውያን ዋጋ ጀማሪ የሚያየው እዚህ ነው። ጠርዙን በጣቱ እያጠፈ እየሰፋ የሚሄድ ሰው መሐል ላይ ሲደርስ እጥፉ ሰፍቶ ወይም ጠቦ ያገኘዋል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ወፍራም ወረቀት ላይ በ1 ሴንቲ ሜትር መስመር አሰምራለሁ፣ የጨርቁን ጠርዝ በወረቀቱ ላይ እስከ መስመሩ ድረስ አጥፋለሁ፣ ወረቀቱ ሳይወጣ ካውያውን ከላይ አሳርፋለሁ። ወረቀቱን ወደ ጎን እያሻገርኩ እስከ ጫፉ እቀጥላለሁ። ሁለተኛውንም እጥፍ እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ጨርቁ ወደ መኪና ሲሄድ እጥፉን ለምዶታል፤ ስፒል እንኳ ብዙ አያስፈልገውም። ካውያውን አንሡና አሳርፉ፣ ወዲያና ወዲህ አትግፉት፤ ሲገፋ ድሩን ያዛባዋል። ስፌት ባለቀ ቁጥርም ሌላ ስፌት ሳያቋርጠው በፊት ተኩሱት። የቤትና የሱቅ ልብስ ልዩነት ብዙ ጊዜ መኪናው ሳይሆን ይህ ትዕግሥት ነው።

ሁለተኛው ሥራ የገበያ ቦርሳ ነው። በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ የጨርቅ ቦርሳ ለየቤቱ የሚያስፈልግ ዕቃ ሆኗል። 92 በ42 ሴንቲ ሜትር አቡጀዲ ለሁለት ታጥፎ ጎንና ጎኑ ይሰፋል። እዚህ ላይ ኦቨርሎክ የማያስፈልገው ስፌት ተማሩ። መጀመሪያ ጨርቁን ጀርባ ለጀርባ አጋጥማችሁ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ስፉ፣ ትርፉን ከርክሙት፣ ገልብጣችሁ ፊት ለፊት አጋጥሙና በ7 ሚሊ ሜትር እንደገና ስፉ። የሚተረተረው ጠርዝ በሁለቱ ስፌቶች መካከል ተዘግቶ ይቀራል። መያዣዎቹን ከላይኛው ቅምቅማት ውስጥ አስገብታችሁ በአራት ማዕዘንና መሐሉን በመስቀል ስፌት አጥብቋቸው፤ ሽንኩርትና ድንች የሚሸከመው ይህ ቦታ ነው።

ከቦርሳው ቀጥሎ የሚለበስ ነገር መምጣት አለበት፤ ሰው የሰፋውን ለብሶ ካልወጣ ልቡ አይረካም። ላስቲክ የገባበት ጉርድ ለዚህ ይሆናል። የዳሌ ዙሪያን ለኩና በአንድ ተኩል አባዙት። ዳሌዋ 100 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሴት 150 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋታል፤ ይህ የሰፊው ጨርቅ ሙሉ ወርድ ስለሆነ መጋጠሚያው አንድ ብቻ ይሆናል። ቁመቱ 70 እንዲሆን ከተፈለገ ለላስቲኩ ቤት 4፣ ለታችኛው ቅምቅማት 3 ጨምራችሁ 77 ቅደዱ። አንድ ሜትር እንኳ ሳይሞላ አንድ ጉርድ ወጣ ማለት ነው። ዳርና ዳሩን አጋጥማችሁ ስፉ፣ ላዩን አጥፋችሁ ቤቱን ሥሩ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተዉ። ከወገብ ልክ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ያነሰ ላስቲክ ጫፉ ላይ መርፌ ቁልፍ ሰክታችሁ አዙሩት፣ ጫፍና ጫፉን ደርባችሁ ስፉት፣ ክፍቱን ዝጉ። ለልጅ ልክ ሲሆን ደግሞ ከፋሲካ በፊት ልብስ ሰፊው ሁሉ ሥራ በዝቶበት «ከበዓል በኋላ» በሚልበት ሰሞን እናት ራሷ ትጨርሰዋለች።

የወቅቱ መጨረሻ ሥራ ድሪያ የሚባለው ቀሚስ ነው። ድሬዳዋ ሙቀትን የምታውቅ ከተማ ስለሆነች መልሱን ያገኘችው ቀድማ ነው፤ ሰፊ፣ ስስ፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ አራት ማዕዘን። ከትከሻ እስከ እግር 140 ሴንቲ ሜትር ለሆነች ሴት ወርዱ 1.10 የሆነ 2.90 ሜትር ጨርቅ ለሁለት ይታጠፋል። እጥፉ ትከሻ ይሆናል። ከእጥፉ 30 ሴንቲ ሜትር ለክንድ ትታችሁ ከዚያ በታች ጎንና ጎኑን ስፉ፤ ለእርምጃ እንዲመች ታችኛውን 30 ሴንቲ ሜትር ክፍት ተዉት። ጎኑ በሽመና የተዘጋው ዳር ስለሆነ አይተረተርም። ጨርቁ ራሱ ግማሹን ሥራ ሠርቶላችሁ መጥቷል።

የሚያስቸግረው አንገቱ ነው፤ እስካሁን ከሰፋችሁት ሁሉ ክብ ቅድ የመጣው እዚህ ብቻ ነው። በስስ ሳሙና ወርዱን 22፣ ጥልቀቱን ከፊት 14፣ ከኋላ 2 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ አስምሩ፤ ነገር ግን መጀመሪያ ከመስመሩ ገባ ብላችሁ ቅደዱና በራሳችሁ አስገብታችሁ ሞክሩት። አንገትን ማስፋት ይቻላል፣ ማጥበብ ግን አይቻልም። ለጠርዙ የሚሆነውን ቁራጭ በሰያፍ፣ ወርዱን 3 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቅደዱ። ጨርቁን በሦስት በኩል የሳባችሁበት ሙከራ አሁን ዋጋውን ይመልሳል፤ በድሩ የተቀደደ ቁራጭ ክብ ላይ አልዞር ብሎ ይጨማደዳል፣ በሰያፍ የተቀደደው ግን ተለጥጦ ክቡን ይከተላል። ጠርዙ ላይ ፊት ለፊት ስፉት፣ ትርፉን ከስፌቱ ሳታደርሱ በየሁለት ሴንቲ ሜትሩ በመቀስ ብጥስ ብጥስ አድርጉት፣ ወደ ውስጥ ገልብጣችሁ ተኩሱና ጫፉን አጥፋችሁ ስፉት። ለዚህ አንድ አንገት የሚወስደው ጊዜ ከቀረው ልብስ ሁሉ ሊበልጥ ይችላል፤ ይገባዋልም፤ ሰው ሲያይ የሚያየው አንገቱን ነውና።

ድሪያው ሲያልቅ ብዙዎች ሸሚዝ፣ ኮሌታ፣ እጅጌ ይመኛሉ። ምኞቱ ደግ ነው። እኔ ግን ያንኑ ድሪያ በሌላ ጨርቅ እንዲደግሙት እለምናለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ አእምሮ ቅደም ተከተሉን በመያዝ ይጠመዳል፤ የቱ ይታጠፋል፣ የቱ ይቀድማል ሲል እጅ የሚሠራውን አያስተውልም። ሁለተኛው ላይ ቅደም ተከተሉ ይታወቃል፣ ስለዚህ ዓይን ወደ ጠርዙ፣ ጣት ወደ ጨርቁ ይመለሳል። ካውያው ሳይነገር ይነሣል፣ አንገቱ ሳይጨማደድ ይዞራል። ኮሌታና እጅጌ ከዚህ የተለየ እጅ አይጠይቁም፤ ያው ድር፣ ያው ሰያፍ፣ ያው ካውያ ናቸው፣ ጠበብ ባለ ቦታ ላይ። በጋውን በቀላል ሥራ ያሳለፈ ሰው ክረምት ሲገባ ወፍራሙን ጨርቅ ያለ ፍርሃት ይዘረጋል።